የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ስንመርጥ መውጫውን አስቀድመን እንይ



አንድ ቤተ መጻሕፍት ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ምን ምን ይሠራል?» ይባላል። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። እኔ ግን ከሁለቱ በፊት መነሣት ስላለበት ሌላ ጥያቄ ልናገር መጥቻለሁ፤ ይህን ሶፍትዌር የምንተውበት ቀን ሲደርስ መዝገባችን በምን መልክ ይወጣል?

ቀኑ መድረሱ አይቀርም። ሶፍትዌር ያረጃል፤ ኩባንያ ይሸጣል፤ በጀት ይቋረጣል፤ ሲስተሙን የተከለው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ካታሎጉ ግን አይጣልም። አንድ ካታሎገር መጽሐፉን እጁ ላይ ይዞ፣ የርእስ ገጹን አገላብጦ፣ የደራሲውን ስም አጣርቶ፣ የመደብ ቁጥር ሰጥቶ የጻፈው መዝገብ ነው። ሃያ ሺህ መጽሐፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ ሃያ ሺህ ጊዜ ሠርቷል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ ይህ ድካም ግን አንዴ ከጠፋ ከአንድ መጀመር ነው።

ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። መጽሐፍ ጠይቆ «የለም» የተባለ አንባቢ የጠየቀው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወይ አልተመዘገበም፤ ወይ ተመዝግቦም ኮምፒውተሩ ሊያገኘው አልቻለም። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የወረዳችሁ ንባብ ቤት፣ የደብራችሁ የመጻሕፍት ክፍል፣ ሁሉም ውሎ አድሮ ይህ ምርጫ ይገጥማቸዋል።

መዝገብን ከሶፍትዌር ለይቶ ማየት አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሔንሪየት አቭራም የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ የካታሎግ ካርድን ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ ለመጻፍ አንድ ሥርዓት አወጡ። ማርክ ይባላል። በማርክ እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ቁጥር ያለው መስክ አለው፤ ደራሲው 100፣ ርእሱ 245፣ ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር 020 ላይ ይጻፋል። የዚያን ጊዜ ማሽኖች ከአገልግሎት ከወጡ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ በማርክ የተጻፈ መዝገብ ግን ዛሬም ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያዬ ይህ ነው። ሶፍትዌሩ መዝገቡን በሙሉ በማርክ፣ የአንባቢዎችንና የውሰቱን ዝርዝር ደግሞ በተራ ሠንጠረዥ ማውጣት ይችላል? ሻጩን ሳንለምን ራሳችን ልናወጣው እንችላለን?

ይህን ያህል ስለ መውጫ የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰርሲና ዳይኒክስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ተዋሐዱ። የተዋሐደው ኩባንያ በ2007 ሆራይዘን ለተባለው ሶፍትዌሩ ሲጠበቅ የቆየ አዲስ ዕትም እንደማያወጣ አስታወቀ። ዕትሙን ሲጠብቁ የነበሩ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ማስታወቂያ ሌላ ሶፍትዌር ፍለጋ ወጡ። ኤክስ ሊብሪስን ደግሞ ተመልከቱ። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ለቤተ መጻሕፍት ከተሠራው አሌፍ ከተባለው ሶፍትዌር ያደገ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩበትን አልማን ያወጣውም እሱ ነው። በ2015 ፕሮኩዌስት ገዛው፤ በ2021 ፕሮኩዌስትን ራሱን ክላሪቬት ገዛው። አልማ ብርቱ ሶፍትዌር ነው፤ ዋጋውን የሚችል ትልቅ ተቋም ቢመርጠው አልቃወምም። ነገር ግን ውል የፈረመ ቤተ መጻሕፍት የሶፍትዌሩ ባለቤት ሲለዋወጥ ድምፅ የለውም፤ በእጁ የሚቀረው መዝገቡን ይዞ የመውጣት መብት ብቻ ነው። ያንን መብት በውሉ ላይ አስጽፎ ካልሆነ እሱም አይቀርለትም።

ኮሃ የተባለ ሌላ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ፤ የእሱ ታሪክ መንገዱ ሌላ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። በኒው ዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ሌቪን የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። የሆሮፌኑዋ አውራጃ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም ሁሉ 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ዓመቱን ይስቱ ይሆን እያለ ሲሰጋ፣ የዚህ ቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌርም አርጅቶ ዘመን መለወጫውን እንደማያልፍ ታወቀ። ገበያ ላይ ያሉት ሶፍትዌሮች ለትንሽ አውራጃ ከበጀት በላይ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ካቲፖ ከሚባል አነስተኛ የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት ጋር ተስማማ፤ ድርጅቱም በተራ የኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈትና ቅርንጫፎችን በስልክ መስመር ጭምር የሚያገለግል ሶፍትዌር ሠራ። ኮሃ የተባለው ይህ ሶፍትዌር በጥር 2000 መጀመሪያ ቀናት ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ የሚጠቅመው። ቤተ መጻሕፍቱ ሶፍትዌሩን ለብቻው ይዞ ቢቀመጥ፣ የሚጠግነውም የሚያሳድገውም አንድ ድርጅት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት ጂፒኤል በሚባለው ክፍት ፈቃድ ለዓለም ለቀቁት። ይህ ፈቃድ ማንም ሰው ሶፍትዌሩን እንዲጠቀምበት፣ የውስጥ ጽሑፉን ከፍቶ እንዲያጠና፣ እንዲያሻሽልና ለሌላ እንዲያካፍል ይፈቅዳል፤ ያሻሻለውን የሚያሰራጭ ሁሉ በዚያው ፈቃድ እንዲያሰራጭም ያስገድዳል። ፈቃዱ ኋላ በብርቱ ተፈተነ። የካቲፖን የኮሃ ሥራ ሊብላይም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ገዛ፤ እሱም በ2010 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በሶፍትዌሩ ስምና በሥራው አመራር ላይ ኮሃን ከሚሠራው ማኅበረሰብ ጋር ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ኩባንያው በኒው ዚላንድ የንግድ ምልክት እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ ሌቪን ያለው ቤተ መጻሕፍት ተከራክሮ ስሙን አስጠበቀ። በዚህ ሁሉ መካከል የሶፍትዌሩን ጽሑፍ ማንም ሊወስደው አልቻለም። ሠሪዎቹ አዲስ ድረ ገጽ ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዛሬም በየስድስት ወሩ፣ በግንቦትና በኅዳር አካባቢ፣ አዲስ ዕትም ይወጣል። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸው የተካሄደው በናይጄሪያ፣ ኢባዳን ከተማ ነበር። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ኮሃን የሚጠቀሙ አሉ።

ክፍት ምንጭ የሚባለው እንዲህ ያለ ክፍት ሶፍትዌር ኮሃ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ከ250 በላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአንድ የአባልነት ካርድ የሚያገለግሉበትን ኤቨርግሪንን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ ለአንድ ሕንፃ ግን ይከብዳል። የኢንዶኔዥያ ትምህርት ሚኒስቴር ቤተ መጻሕፍት በ2007 ያወጣው ስሊምስ በተቃራኒው ቀላል ነው፤ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይስማማል። ዲስፔስ ደግሞ የውሰት ሶፍትዌር አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፎችንና ሌሎች ዲጂታል ሰነዶችን ማከማቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቹን የሚያኖረው በእሱ ነው። ሁለቱን ዓይነት ሥራ ቀላቅሎ የጨረታ ሰነድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት መጨረሻ ላይ አንዱንም በወጉ ሳያገኝ ይቀራል።

አሁን ስለ ገንዘብ በግልጽ እንነጋገር። ክፍት ምንጭ የላይሰንስ ክፍያ የለውም፤ ወጪ ግን አለው። ሰርቨር ያስፈልጋል። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ኮሃ የሚጫነው በሊኑክስ ላይ ነውና። ካታሎገሮች ይሠለጥናሉ፣ አሮጌው መዝገብ ይጸዳል፣ ባርኮድ ይታተማል። ላይሰንስ ቀረ ተብሎ የሰው በጀት አብሮ ከተሰረዘ ውጤቱ በአቧራ የተሸፈነ ሰርቨር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ተረቱ፤ እኔም የሥልጠናው ገንዘብ ከሰርቨሩ በፊት ይመደብ እላለሁ። ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲስተም ያ ሰው በታመመ ቀን አብሮት ይታመማል።

ከዋጋው ይልቅ እኔን ወደ ክፍት ምንጭ የሚያዘነብለኝ ፊደላችን ነው። ከሁሉ በላይ ልትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ስም ውሰዱ። አንዱ ካታሎገር በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ሌላው በ«ሀ»። አንዱ «ዓለማየሁ»ን በ«ዓ» ይጀምረዋል፤ ሌላው በ«አ»። በእነዚህ ሁለት ልዩነቶች ብቻ አንዱ ስም አራት መልክ ያወጣል። ለዓይናችን አራቱም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሰጠው አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በ«ጸ»ና በ«ሀ» የፈለገ ተማሪ በ«ፀ»ና በ«ሐ» የተመዘገበውን መጽሐፍ አያገኝም። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ያዘዘው የለም።

በኮሃ ይህን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። የፍለጋው ክፍል ፊደላትን እንዴት እንደሚያስተያይ የሚወስኑት ደንቦች በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ የአይቲ ባለሙያ ፋይሉን ከፍቶ «ሐ»ና «ኀ» ሲፈለጉ እንደ «ሀ»፣ «ሠ» እንደ «ሰ»፣ «ዐ» እንደ «አ»፣ «ፀ» እንደ «ጸ» ይቆጠሩ የሚሉ መስመሮችን ከነዝርያቸው ይጨምራል፤ ከዚያ ማውጫው እንደገና ይሠራል። ደንቡ የሚነካው ማውጫውን ብቻ ነው። ደራሲው «ፀሐይ» ብሎ ከጻፈ መዝገቡ ላይ የሚታየው «ፀሐይ» ነው፤ አጻጻፉ ይከበራል፣ አንባቢውም መጽሐፉን ያገኛል። በተዘጋ ሶፍትዌር ይህንኑ ለማግኘት ሻጩን መጠየቅና መጠበቅ ግድ ነው፤ የአማርኛ ገበያ ትንሽ ሆኖ ከታየው መልሱ ሊዘገይ ይችላል።

ሌላም ፈተና አለ። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ እያደረጉ የተጻፉ አሮጌ ርእሶችን አስገቡና ፈልጉ፤ ሶፍትዌሩ «፡»ን እንደ ክፍት ቦታ ካልቆጠረው ርእሱ በሙሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጠራል። ቀጥሎ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ፈልጉ። «የኢትዮጵያ ታሪክ» የሚለው መጽሐፍ ወጣ? ብዙ ሶፍትዌሮች የቃልን መጨረሻ ቆርጠው ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን ቃሉን የምንለውጠው ከፊቱም ጭምር ነው፤ በ«የ»፣ በ«ለ»፣ በ«በ»፣ በ«ስለ»። ይህን በሶፍትዌር ብቻ መፍታት ከባድ ነው። መፍትሔው ካታሎገሩ ጋ አለ፤ በርእሰ ጉዳይ መስኩ ላይ ቃሉን ያለ ቅጥያ «ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢውም በዚያ በኩል ይደርሳል።

ስማችንም የራሱ ጉዳይ አለው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ዓለማየሁ የሐዲስ አባት ነው። ማርክ ይህን ያውቃል። በ100 መስክ መጀመሪያ ላይ አንዲት አኃዝ ትቀመጣለች፤ 1 ከሆነች ስሙ በቤተሰብ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 0 ከሆነች በራሱ ስም። ለኢትዮጵያውያን ትክክለኛዋ 0 ናት። ችግሩ የመመዝገቢያ ቅጹ ዝግጁ ሆኖ ሲመጣ 1 ተሞልቶ ከሆነና ካታሎገሩ ካላስተዋለ ነው። ያን ጊዜ መዝገቡ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ይሆንና ደራሲው በአባቱ ስም ይደረደራል። በኮሃ ቅጹን ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ያስተካክለዋል። የደራሲያን ስም መዝገብም እዚያው አለ፤ አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ሌሎቹን «ወደዚህ ተመልከት» ብሎ ያስራቸዋል። አንድ ጊዜ የተሠራ የስም መዝገብ ለሚቀጥለው መጽሐፍም ያገለግላል፤ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት በጋራ ቢያዘጋጁት ለአገር ሁሉ ይበቃ ነበር።

ከውጭ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ መቅዳት የተለመደ ሥራ ነው፤ ጊዜም ይቆጥባል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ቢሮው በኩል ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ይሰበስባል፤ የአማርኛ መዝገቦቹም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። የብዙዎቹ ርእስ ግን በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ምልክት እየተደረገበት የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ሆነ ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ያንን ምልክት አይተይበውም። ማርክ በ880 መስክ ርእሱን በራሱ ፊደል አብሮ ለማኖር ቦታ ሰጥቷል። ሶፍትዌሩ ይህን መስክ መያዝ፣ መፈለግና ማሳየት ይችል እንደሆነ ሳታዩ ውል አትፈርሙ።

የዘመን አቆጣጠርም አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር ያለ ማብራሪያ በዓመት መስኩ ከገባ መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይደረደራል። ባለሙያዎች የሚያደርጉት መጽሐፉ ላይ ያለውን 1958 እንዳለ ጽፎ አጠገቡ 1965 ወይም 1966 ብሎ መጨመር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚደረድርበት ኮድ የፈረንጁን ይይዛል፤ አንባቢው የራሱን ያያል። ለውሰት ደግሞ የተዘጉ ቀናት መመዝገቢያ አለ። ፋሲካና ኢድ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ አንድ ሠራተኛ በየመስከረሙ ተቀምጦ ይሞላዋል፤ ያለዚያ ሲስተሙ በተዘጋ ቀን መጽሐፍ መልሱ ይላል፣ ቅጣትም ይቆጥራል።

አሮጌ መዝገብ ያላቸው ቤተ መጻሕፍት አንድ ነገር ያጣሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም ወዲህ ለተወሰነ ጊዜ በአማርኛ የተተየበው ብዙ መዝገብ ከውስጥ በላቲን ኮድ የተቀመጠ ነው፤ የተተየበበት የፊደል ፕሮግራም ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ መጀመሪያ ይሠራ፤ ምንም ሶፍትዌር ይህን አይፈታላችሁም።

ስለ መብራትና ኢንተርኔት ብዙ አልልም፤ የምትኖሩበት ነገር ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ሰርቨሩ ሕንፃው ውስጥ ይሁን፤ ዩፒኤስ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ በምን ወረቀት ላይ ውሰት እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይወሰን። የመጠባበቂያ ቅጂ በየማታው ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይኑር። የብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በኢንተርኔት ዘራፊዎች ተጠቅቶ ካታሎጉ ለሕዝብ ከተዘጋ በኋላ የተመለሰው በጥር 2024 ነው፤ ያውም ለፍለጋ ብቻ። ይህ የደረሰው በዓለም ካሉት ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት በአንዱ ነው። ቅጂ መውሰድ ብቻውን አይበቃም፤ ከቅጂው ሲስተሙን እንደገና ማስነሣት በዓመት አንዴ እንኳ ይሞከር።

ጨረታ የምታወጡ የግዥ ኃላፊዎች እዚህ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሻጭ የሚያሳየው ማሳያ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተሞላ ነው፤ ሁልጊዜም ያምራል። እናንተ ከራሳችሁ መደርደሪያ ሃምሳ መጽሐፍ ምረጡ፤ አማርኛ፣ ግዕዝ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ እንግሊዝኛ። እነሱን ሻጩ በፊታችሁ ያስገባ፤ እናንተ ሞክሼ ፊደል እየለዋወጣችሁ ፈልጉ፣ አውሱ፣ መልሱ። በመጨረሻ ሃምሳውንም መዝገብ በማርክ ያውጣና ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ይክተተው። ፊደሉ ሳይበላሽ ገባ? ውጤቱ በጨረታው ነጥብ ይሰጠው። ክፍት ምንጭ ተክሎ ለሚያስተዳድር የአገር ውስጥ ድርጅትም ያው ፈተና ይቅረብለት፤ ሶፍትዌሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ አገልግሎቱ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ግን ዛሬውኑ ሶፍትዌር ባይጭኑ ይሻላል። አምስት መቶ መጽሐፍና አንድ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት በኤክሴል ይጀምር። ደራሲ በአንድ ዓምድ፣ ርእስ በሌላ፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት፣ የመደብ ቁጥር፣ የመጽሐፉ የራሱ መለያ ቁጥር፤ አንድ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፤ ሁሉም በዩኒኮድ ይተየብ። ትምህርት ቤቱ አድጎ ኮሃን ወይም ስሊምስን የሚችልበት ቀን ሲደርስ፣ በነፃ የሚገኘው ማርክኤዲት የተባለ መሣሪያ ያንን ሠንጠረዥ ወደ ማርክ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ መምህሩ እንደገና ቁጭ ብሎ መተየብ አያስፈልገውም፤ የሚቀረው ባርኮዱን አትሞ መለጠፍ ነው።